የሕክምና ክፍል ኃላፊ ስትሾሙ ሌሊቱን አስቡ
ለማኅበረሰብ ሆስፒታሎች የቦርድ አባላት፣ ሥራ አስኪያጆችና የሕክምና ዳይሬክተሮች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡራትና ክቡራን፤

በማኅበረሰብ ሆስፒታል የምሠራ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ። ብዙ የክፍል ኃላፊዎች ሲሾሙና ሲነሡ አይቻለሁ፤ ከብዙዎቹም ሥር ሠርቻለሁ። አንዳንዶቹ የያዙትን ክፍል ከሥር መሠረቱ የለወጡ ናቸው። ሌሎቹ ሹመቱን እንደ ማዕረግ ተቀብለው፣ ክፍሉን እንዳገኙት ለተተኪያቸው ያስረከቡ ናቸው። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት በሽተኛው አያውቀውም፤ እርሱ የሚያውቀው መዳኑን ወይም አለመዳኑን ነው። ልዩነቱን አጥርቶ የሚያውቀው ሌሊት ተረኛ ሆኖ ያደረ ሰው ነው።

ስለዚህ የምለምናችሁ ነገር አንድ ነው። የሕክምና ክፍል ኃላፊ ስትሾሙ፣ ተሿሚው ቀን በሥራ ገበታው ላይ ሳለ የሚያደርገውን ብቻ አትመልከቱ። እርሱ በሌለበት ሌሊት በክፍሉ ውስጥ የሚሆነውን አስቡ። ከሾማችሁትም በኋላ በዚሁ መዝኑት።

አንድ የራጅ መሣሪያ ሲገዛ ኮሚቴ ይቋቋማል፤ ዝርዝር መስፈርት ይጻፋል፤ አቅራቢዎች ይወዳደራሉ፤ የዋስትናው ዘመን ይመረመራል። የቀዶ ሕክምና ወይም የሕፃናት ሕክምና ክፍል ኃላፊ ሲሾም ግን፣ እኔ እንዳየሁት፣ ጉዳዩ የሚነሣው በስብሰባው መጨረሻ፣ ሰው ሁሉ ለመሄድ ወረቀቱን ሲሰበስብ ነው። “በአገልግሎት ቀዳሚው ማን ነው?” ተብሎ ይጠየቃል፤ ስም ይጠራል፤ ቃለ ጉባኤ ላይ ይሰፍራል። መሣሪያው ቢበላሽ ባለሙያ መጥቶ ይጠግነዋል። አንድ ክፍል ለማይሆን ሰው ተሰጥቶ ዓመታት ሲቆይ ግን የሚበላሸው የነርሶች ድፍረት ነው፤ የወጣት ሐኪሞች የመጠየቅ ልማድ ነው፤ የሕሙማን መዝገብ አያያዝ ነው። እነዚህን ማንም ባለሙያ በአንድ ቀን ጠግኖ አይሄድም።

ሕዝቡ የክፍል ኃላፊ ሲባል የሚታየው በሩ ላይ የተለጠፈው ስምና ጠዋት ተከታዮቹን አስከትሎ ሕሙማንን የሚዞረው ሐኪም ነው። ሥራው ግን አብዛኛው የማይታይ ነው። የተረኝነት ሰሌዳውን የሚያወጣው እርሱ ነው፤ በሰሌዳው ላይ ድካም የበዛበት ሐኪም ለተከታታይ ሌሊት መመደቡን የሚያየው ወይም የማያየው እርሱ ነው። በድንገተኛ መድኃኒት መደርደሪያ ላይ ምን መኖር እንዳለበት፣ ማን በየስንት ጊዜው እንደሚቆጥረው ይወስናል። አዲስ የመጣ ሐኪም የትኛውን ቀዶ ሕክምና ብቻውን እንዲሠራ እንደሚፈቀድለት፣ የትኛውን በሰው አጠገብ ሆኖ እንዲሠራ እንደሚገባው የሚመሰክረው እርሱ ነው። በሽተኛ መቼ ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል እንደሚላክ መስመሩን የሚያሰምረው እርሱ ነው። እነዚህ ውሳኔዎች ሁሉ በሥራ ላይ የሚውሉት በአብዛኛው እርሱ ቤቱ ተኝቶ ሳለ ነው።

ይህ የእኔ ስሜት ብቻ አይደለም። በ2009 (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ከ84 ሺህ በላይ የቀዶ ሕክምና ታካሚዎችን መረጃ መርምረው ነበር። ሆስፒታሎቹን የሞት መጠናቸው እጅግ ከፍተኛ ከሆኑት እስከ እጅግ ዝቅተኛ ከሆኑት ደርድረው አነጻጸሩ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚከሰቱ ችግሮች፣ ማለትም ደም መፍሰስ፣ ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምች የመሳሰሉት፣ በሁለቱም ጫፍ ተቀራራቢ ሆነው ተገኙ። ከታካሚዎቹ ሩብ ያህሉ በሁለቱም ዓይነት ሆስፒታል ችግር ገጥሟቸዋል። ልዩነቱ የታየው ከዚያ በኋላ ነው። ከባድ ችግር ከገጠማቸው ታካሚዎች መካከል በደካሞቹ ሆስፒታሎች 21.4 በመቶው ሲሞቱ በጠንካሮቹ የሞቱት 12.5 በመቶው ናቸው። በሽታው ያው ነው፤ ችግሩም ያው ነው። አንዱ ሆስፒታል ነገሩን ቶሎ አይቶ በሽተኛውን ይመልሰዋል፤ ሌላው ሳያየው ያልፋል፤ ወይም አይቶ ይዘገያል።

ቶሎ ማየት ማለት ምን ማለት ነው? ሌሊት አንዲት ነርስ የበሽተኛው የልብ ምት መፍጠኑን፣ ሽንቱ ማነሱን፣ ንግግሩ መዛባቱን ታያለች። ወዲያው ለተረኛው ሐኪም ትናገራለች፤ ተረኛው ሐኪምም ከአቅሙ በላይ መሆኑን ሲያውቅ ስፔሻሊስቱን ከእንቅልፉ ይቀሰቅሳል። ይህ ሰንሰለት በአንድ ቦታ ከተበጠሰ በሽተኛው ይሞታል። የሚበጠሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ በእውቀት ማነስ አይደለም፤ በፍርሃት ነው።

ከአንድ ኃላፊ ጋር ስሠራ ስልክ መደወል ድፍረት ይጠይቅ ነበር። “ለዚህ ነው የቀሰቀስኸኝ?” የሚለው ድምፅ ከአንዱ ተረኛ ወደ ሌላው እየተነገረ ሄዶ፣ በመጨረሻ ሁሉም እስኪነጋ የሚጠብቅበት ክፍል ተፈጠረ። በሙያው እጅግ የተካነ ሰው ነበር፤ ያከማቸው እውቀት ግን ከምሽት እስከ ንጋት ለማንም አይደርስም ነበር። በሌላ ጊዜ ደግሞ በሙያ ዝናዋ ከእርሱ የማትስተካከል ሐኪም ኃላፊ ሆነችብን። የመጀመሪያዋ መመሪያ አጭር ነበር፦ እነዚህ ምልክቶች ከታዩ ይደወላል፤ ደዋዩ ይቅርታ አይጠይቅም። ምልክቶቹን በቁጥር ጽፋ በነርሶቹ ጠረጴዛ ላይ ለጠፈችው። የደም ግፊቱ ከዚህ ከወረደ፣ የልብ ምቱ ከዚህ ካለፈ፣ ነርሷ በበሽተኛው ሁኔታ ከተጨነቀች። ይህ የመጨረሻው “ነርሷ ከተጨነቀች” የሚለው መስፈርት ብዙ ሐኪሞችን አስቆጥቶ ነበር። እኔ ግን ከሰው ሁሉ በላይ የማከብረው ይህን ነው። ልምድ ያላት ነርስ ቁጥሩ ከመለወጡ በፊት የሰው ፊት መለወጡን ታያለች።

በትልልቅ የማስተማሪያ ሆስፒታሎች በነርሷና በስፔሻሊስቱ መካከል ብዙ እርከን አለ፤ ተለማማጅ ሐኪም፣ ሬዚደንት (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥን ሐኪም)፣ ከፍተኛ ሬዚደንት። አንዱ ቢስት ሌላው ያርመዋል። በማኅበረሰብ ሆስፒታል ግን በብዙ ሌሊቶች በነርሷና በስፔሻሊስቱ መካከል ያለው አንድ ጠቅላላ ሐኪም ነው፤ እርሱም ድንገተኛ ክፍሉን፣ ተኝቶ ታካሚዎችን፣ አንዳንዴም ማዋለጃውን ጭምር ይዞ ነው የሚያድረው። ስፔሻሊስቶቹ ሁለት ወይም ሦስት ናቸው፤ በአንዳንድ ክፍል አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ የጎደለውን እርከን የሚሞላው ኃላፊው ቀን ላይ ያስቀመጠው ሥርዓት ነው፦ የጻፈው መመሪያ፣ ያሠለጠነው እጅ፣ ያዘጋጀው ዕቃ።

ጊዜ የማይሰጡ በሽታዎችን አስቡ። በስትሮክ የተመታ ሰው የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ሳይተነፍስ የተወለደ ሕፃን እንዲተነፍስ እርዳታ ማግኘት ያለበት በመጀመሪያዋ ደቂቃ ነው። ከወሊድ በኋላ የምትደማ እናት በሰዓታት ውስጥ ልታልቅ ትችላለች። በዚህ ላይ በ2023 ውጤቱ የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት አለ። በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በታንዛኒያ በ80 ያህል ሆስፒታሎች የተካሄደ ነው። የፈሰሰውን ደም በዓይን ከመገመት ይልቅ መለኪያ ባለው ላስቲክ ሰብስበው ለኩ፤ መጠኑ እንዳለፈ ሕክምናዎቹን ሁሉ ተራ ሳይጠብቁ በአንድነት ሰጡ። ይህ በተደረገባቸው ሆስፒታሎች ከባድ ደም መፍሰስ፣ በዚሁ ምክንያት የሚደረግ የሆድ ቀዶ ሕክምና ወይም ሞት በ60 በመቶ ቀነሰ። ደም መፍሰሱ በጊዜ የተደረሰበት በቀድሞው አሠራር በግማሽ ያህሉ ላይ ነበር፤ በአዲሱ ከ90 በመቶ በላይ ሆነ።

መድኃኒቶቹ አዲስ አልነበሩም። ኦክሲቶሲንም፣ ትራኔክሳሚክ አሲድም ከዚያ በፊት ይታወቁ ነበር። አዲሱ ነገር ዕቃው በአንድ ሳጥን ተዘጋጅቶ መቀመጡ፣ ሠራተኛው መሠልጠኑ፣ በየሆስፒታሉ ጉዳዩን የሚገፋ ሰው መመደቡ፣ ውጤቱም ተመልሶ ለሠራተኛው መነገሩ ነው። ይህ የማን ሥራ ነው? የማህፀንና ጽንስ ክፍል ኃላፊ ሥራ ነው። ጎበዝ የማህፀን ሐኪም በእጁ የያዛትን እናት ያድናል፤ ጎበዝ ኃላፊ ግን አይቷት የማያውቃትን እናት ያድናል።

አሁን ወደ አገልግሎት ዘመን ልምጣ፤ ይህ ነገር ብዙ ክፍሎችን ሲገድል አይቻለሁና። ሽማግሌን ማክበር አንድ ነገር ነው፤ ክፍልን ለማክበሪያነት መስጠት ሌላ ነገር ነው። በቦስተን የማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል የቀዶ ሐኪም የነበረው ኧርነስት ኮድማን በ1914 ከሆስፒታሉ የለቀቀው በዚሁ ጉዳይ ነው። ሹመት በአገልግሎት ዘመን መሆኑ ቀርቶ በውጤት ይሁን አለ። የታከመ ሰው ሁሉ ከዓመት በኋላም ቢሆን ተከታትሎ ሕክምናው ጠቅሞት እንደሆነ ይታወቅ፤ ካልጠቀመውም ምክንያቱ ይመርመር ባይ ነበር። ማንም አልሰማውም። በ1911 ባቋቋመው በራሱ ትንሽ ሆስፒታል ግን ያለውን አደረገው። ከ337 ታካሚዎች መካከል 123 ስህተት መዝግቦ ለሕዝብ አሳተመ። ስህተቱን በአደባባይ የቆጠረ ሐኪም ያኔ እንደ እብድ ታየ፤ ዛሬ የሕክምና ጥራት ታሪክ ሲጻፍ ከፊት የሚጠራው የእርሱ ስም ነው።

ልምድ ያለው ሐኪም ኃላፊ አይሁን ማለቴ አይደለም። ልምዱ ለብቻው መስፈርት አይሁን ነው የምለው። ከልምዱ ጋር ሌሎች ጥያቄዎች ይጠየቁ። ይህ ሰው ከእርሱ በታች ያለን ሰው ሐሳብ ሰምቶ አሳቡን ለውጦ ያውቃል? የሠራውን በመዝገብ ላይ በሚነበብ ጽሑፍ ያሰፍራል? ያሠለጠነው ሰው አለው? ክፍሉ ባለፈው ዓመት ስንት ሰው እንደሞተበት ሲጠየቅ ያውቃል? ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ ከልቤ ነው የምለው። የራሱን ክፍል የሞት ቁጥር የማያውቅ ሐኪም ክፍሉን አያውቀውም።

ቁጥሩን አውቆ አለማመንም አለ፤ እርሱ ደግሞ ይብሳል። የቪየና ጠቅላላ ሆስፒታል ሁለት የማዋለጃ ክሊኒኮች ነበሩት። በ1846 ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች በሚያዋልዱበት በአንደኛው ክሊኒክ ከእናቶቹ 11 በመቶ ያህሉ ሞቱ። አዋላጆች በሚያዋልዱበት በሁለተኛው የሞቱት ከ3 በመቶ በታች ነበሩ። ቁጥሩ በሆስፒታሉ መዝገብ ላይ ነበር፤ እናቶቹም ራሳቸው ያውቁት ነበርና በአንደኛው ላለመውለድ ይለምኑ ነበር። ሆኖም የክሊኒኩ ኃላፊ ፕሮፌሰር ዮሐን ክላይን ነገሩን የበረታ ጥያቄ አላደረገውም። ጥያቄ ያደረገው ረዳቱ ኢግናዝ ሰመልቫይስ ነው። በግንቦት 1847 ሐኪሞች ከአስከሬን ምርመራ መጥተው እጃቸውን በክሎሪን ሳይታጠቡ እናት እንዳይነኩ አዘዘ። በሚያዝያ 18 በመቶ የነበረው ሞት በሰኔ ወደ 2 በመቶ ገደማ ወረደ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ልብ በሉ። በ1849 የሰመልቫይስ የሥራ ዘመን ሲያበቃ ክላይን አላራዘመለትም። የክፍል ኃላፊ በአንድ ፊርማ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልፈልግም። ውሉን የሚያድሰው፣ ፈቃዱን የሚፈርመው፣ የምስክር ወረቀቱን የሚጽፈው አንድ ሰው ከሆነ፣ ያ ሰው ሲሳሳት ማን ይናገረዋል? ስለዚህ ኃላፊ ስትሾሙ ከእርሱ በታች ላለው ወጣት ሐኪምና ለነርሷ ሌላ በር ክፈቱላቸው። በዓመት አንዴ ኃላፊው በሌለበት የሕክምና ዳይሬክተሩ የክፍሉን ሠራተኞች ያነጋግር። ኃላፊውም ይህ ጥርጣሬ ሳይሆን ሥርዓት መሆኑን ከሹመቱ ቀን ጀምሮ ይወቅ።

የክፍሉ ሐኪሞች ሥራቸውን በየወሩ የሚመረምሩበትን የወር ግምገማ በተመለከተ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ መስፈርት አለ። የአሜሪካ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ በ1910ዎቹ መጨረሻ ለሆስፒታሎች ዝቅተኛ መመዘኛ ሲያወጣ፣ ሐኪሞች ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ ተሰብስበው በየክፍሉ የሠሩትን በሕሙማን መዝገብ ላይ ተመርኩዘው እንዲመረምሩ ጠይቆ ነበር። በ1918 ከ100 አልጋ በላይ ያላቸውን 692 ሆስፒታሎች ሲመለከት መመዘኛውን ያሟሉት 89 ብቻ ሆኑ። የሆስፒታሎቹ ስም ዝርዝር ለጋዜጠኞች እንዳይደርስ ተቃጠለ። ዛሬ ይህ ስብሰባ በብዙ ሆስፒታል በወረቀት ላይ አለ። በተግባር ግን ወይ አይካሄድም፣ ወይ ጥፋተኛ መፈለጊያ ይሆናል። ጥፋተኛ ሲፈለግ ሰው መዝገቡን ያሳምራል፤ መዝገብ ሲያምር ደግሞ እውነቱ ይሰወራል። እኔ ያየሁት መልካም ግምገማ የሚጀምረው ኃላፊው ራሱ ባከመው በሽተኛ ነው። “ይህ የእኔ በሽተኛ ነበር፤ እዚህ ላይ ዘገየሁ” ብሎ ሲጀምር ክፍሉ ሁሉ አፉን ይከፍታል። ከዚያ የሚጠየቀው ምን ቢኖር ኖሮ ይህ ሰው ይተርፍ ነበር የሚለው ነው። ደም? የላቦራቶሪ ውጤት? ሁለተኛ ሰው? ውሳኔው ተጽፎ፣ የሚፈጽመው ሰው ስሙ ተጠርቶ፣ በሚቀጥለው ወር መፈጸሙ ይጠየቃል።

ከላይ የመጣ ወረቀት ብቻውን ምንም እንደማያደርግም ታውቃላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 ያወጣው የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ማረጋገጫ ዝርዝር በስምንት አገሮች ባሉ ስምንት ሆስፒታሎች ሲሞከር፣ በ2009 በታተመው ውጤት መሠረት ሞት ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ፣ የከባድ ችግሮች መጠንም ከ11 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወርዶ ነበር። ከሆስፒታሎቹ አንዱ በታንዛኒያ ኢፋካራ የሚገኝ ነው። ሆኖም በካናዳ ኦንታሪዮ ይኸው ዝርዝር በመላው ክፍለ ሀገር ግዴታ ሆኖ በ101 ሆስፒታሎች ሲመረመር፣ በ2014 የታተመው ጥናት በሞት ላይ ጉልህ ለውጥ አላገኘም። ምክንያቱን ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። የእኔ እምነት ግን በሥራዬ ካየሁት የመነጨ ነው። ዝርዝሩ ሲነበብ ቀዶ ሐኪሙ እጁን አቁሞ ካዳመጠ ይሠራል፤ ሳይነበብ ምልክት ከተደረገበት አይሠራም። በቀዶ ክፍሉ ውስጥ ሁሉም ቆሞ እንዲያዳምጥ ማድረግ የሚችለው የቀዶ ሕክምናው ኃላፊ ነው፤ እርሱ ራሱ ከቆመ።

የተረኛ ርክክብም እንዲሁ ነው። በዘጠኝ የሕፃናት ሕክምና ማሠልጠኛ ሆስፒታሎች ርክክቡ ቋሚ ቅርጽ ሲይዝ የሕክምና ስህተት በ23 በመቶ፣ ሊወገድ ይችል የነበረ ጉዳትም በ30 በመቶ መቀነሱ በ2014 ታትሟል። ለዚህ ገንዘብ አያስፈልግም። ኃላፊው ጠዋትና ማታ በርክክቡ ሰዓት መገኘቱ ይበቃል።

በክፍሎች መካከል ስላለው ድንበር ትንሽ ልቆይ፤ በማኅበረሰብ ሆስፒታል ሕሙማን የሚጠፉት በዚህ ድንበር ላይ ነውና። ወድቀው ዳሌያቸው የተሰበረ አረጋዊ ይመጣሉ። የልብ ድካምና የስኳር ሕመምም አለባቸው። ቀዶ ሐኪሙ “መጀመሪያ ልባቸው ይስተካከል” ይላል፤ የውስጥ ደዌው “ስብራቱ የቀዶ ነው” ይላል፤ የሰመመን ባለሙያው ሁለቱንም ይጠብቃል። እርሳቸው አልጋ ላይ ቀን ይቆጥራሉ፤ የተኙበት ቆዳ ይቆስላል፤ ሳንባቸው ምች ይይዛል። እያንዳንዱ ሐኪም በየራሱ ትክክል ነው፤ በሽተኛው ግን ባለቤት የለውም። ይህን የሚፈታው ሁለቱ ኃላፊዎች በሰላሙ ጊዜ ተቀምጠው የጻፉት ስምምነት ነው፦ እንዲህ ያለ በሽተኛ በማን ስም ይተኛል፣ በስንት ሰዓት ውስጥ ማን ያየዋል፣ ካልተስማሙ ማን ይወስናል። የክፍል ኃላፊዎቻችሁ በሳምንት አንድ ጊዜ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የማይቀመጡ ከሆነ ያሏችሁ ክፍሎች እንጂ ሆስፒታል አይደለም።

ሪፈራሉም በዚሁ ይታያል። ቶሎ የሚልክ ኃላፊ ሆስፒታሉን መተላለፊያ ያደርገዋል፤ ዘግይቶ የሚልክ ደግሞ በመንገድ ላይ የሚሞት በሽተኛ ይልካል። “ይህን ቀዶ ሕክምና እኛ ጋ በዓመት የምንሠራው ጥቂት ነው፤ ስለዚህ አንሠራውም” ማለት የሚችል ኃላፊ ክብር ይገባዋል። ቦርዱ ገቢ ስለቀረበት እንዳይቆጣው እለምናለሁ።

አሁን ስለ እናንተ ድርሻ። በእንግሊዝ የስታፎርድ ሆስፒታል ሕሙማን ለዓመታት በቸልተኝነት መጎዳታቸው ተረጋግጦ፣ በሮበርት ፍራንሲስ የተመራው አጣሪ ጉባኤ በ2013 ሪፖርቱን ሲያወጣ፣ ጣቱን በሠራተኞቹ ላይ ብቻ አልቀሰረም። ቦርዱ በገንዘብና በዒላማ ተጠምዶ የሕሙማንን ድምፅ አለመስማቱን ጻፈ። ከፍተኛ ሐኪሞቹም ለለውጥ ግንባር ቀደም አለመሆናቸውን ጻፈ። ሁለቱ ውድቀቶች አንድ ናቸው። ሐኪሙ “ይህ የአስተዳደር ጉዳይ ነው” ብሎ ሲሸሽ፣ አስተዳደሩ “ይህ የሕክምና ጉዳይ ነው” ብሎ ሲሸሽ፣ በመካከል የቀረችው ወንበር የክፍል ኃላፊው ናት። በዚያች ወንበር ላይ ያስቀመጣችሁትን ሰው ባዶ እጁን አትተዉት።

ብዙዎቻችሁ ግን ባዶ እጁን ትተዉታላችሁ። ሙሉ የሕሙማን ሸክሙን እንደያዘ፣ ሙሉ ተረኝነቱን እንደወጣ፣ ክፍሉንም “በተጨማሪ” እንዲመራ ትጠይቁታላችሁ። መመሪያውን መቼ ይጻፍ? ግምገማውን መቼ ያዘጋጅ? በ1938 በኒው ዮርክ የኮሎምቢያ ፕረስቢቴሪያን ሆስፒታል የሰመመን ክፍልን እንድትመራ የተሾመችው ቨርጂኒያ አፕጋር ለዓመታት ከጥቂት ሐኪም ጋር፣ የቀዶ ክፍሉንም የማስተማሩንም የአስተዳደሩንም ሸክም ተሸክማ ሠርታለች። በ1949 የክፍሉ ኃላፊነት ለሌላ ሰው ሲሰጥ እርሷ ፊቷን ወደ ማዋለጃው አዞረች። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1952፣ አዲስ የተወለደን ሕፃን ሁኔታ በተወለደ በአንድ ደቂቃው የሚመዝነውን መለኪያ አቀረበች፤ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ሕፃን ሲወለድ በዚሁ ይመዘናል። በክፍል ኃላፊነቷ አለመቀጠሏ ተገቢ ነበር አልልም። የምለው ይህ ነው፦ ያ አእምሮ ጊዜ ሲያገኝ ይህን ከሠራ፣ በተረኝነትና በወረቀት ተቀብሮ ያለው የእናንተ ኃላፊ አእምሮ ጊዜ ቢያገኝ ምን ሊሠራ እንደሚችል አስቡ።

ስለዚህ በሳምንት ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ከሕሙማን ሥራ ነፃ አድርጉለት፤ ቀኑም በሰሌዳ ላይ ይጻፍ። መረጃ የሚሰበስብለት አንድ ሠራተኛ ስጡት። የክፍሉን ሞት፣ ወደ ሌላ የተላኩትን፣ ተመልሰው የተኙትን ሕሙማን ቁጥር በየወሩ ያግኝ። ምክትል ይኑረው፤ አንድ ስፔሻሊስት ሲለቅ ክፍሉ የሚፈርስባቸው ሆስፒታሎች ብዙ ናቸውና። ዘመኑም የተወሰነ ይሁን። ለምሳሌ ለአራት ዓመት ተሹሞ፣ ተገምግሞ አንድ ጊዜ ቢታደስለት፣ ኃላፊነቱ ርስት አይሆንበትም፤ ሲወርድም ውርደት አይሆንበትም። የኃላፊነት አበሉ ጉዳይ በየሆስፒታሉ አቅም የሚታይ ነው። ከአበሉ ይልቅ ብዙዎቹን የሚያስመርራቸው ያቀረቡት ጥያቄ መልስ ማጣቱ ነው።

ደግሞም የክፍሉን ኃላፊ ሐኪምና የክፍሉን ኃላፊ ነርስ ለየብቻ አትመልከቷቸው። ሐኪሞች ይቀያየራሉ፤ በክፍሉ ሌት ተቀን ያለችው ነርስ ናት። ሁለቱ ክፍሉን በጋራ እንዲመሩ፣ በወር ግምገማው ላይም በእኩል ድምፅ እንዲቀመጡ በሹመት ደብዳቤው ላይ አስፍሩት። ይህን የሚቃወም እጩ ካጋጠማችሁ፣ ስለ እርሱ ማወቅ ያለባችሁን አስቀድሞ ነግሯችኋል።

በሚቀጥለው ስብሰባችሁ የክፍል ኃላፊ ሹመት ካለባችሁ፣ አጀንዳውን ከመጨረሻ ወደ መጀመሪያ አምጡት። እጩዎቹ ሌሊት በክፍላቸው ስለሚሆነው ነገር ምን ለማድረግ እንዳሰቡ በጽሑፍ ያቅርቡ። ከድምፅ መስጫው በፊትም ከመካከላችሁ ሁለት ሰዎች ሌሊት ሳያስታውቁ ወደ ክፍሉ ይሂዱ፤ ተረኛዋን ነርስ “አሁን አንድ በሽተኛ ቢከፋ ለማን ትደውያለሽ? ባለፈው ስትደውይስ ምን ተባልሽ?” ብለው ይጠይቋት። የሰጠችውን መልስ ስሟን ሳይጠቅሱ ለቦርዱ ያንብቡ፤ ድምፅ የሚሰጠውም ከዚያ በኋላ ይሁን።

ከአክብሮት ጋር፣
የማኅበረሰብ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ሐኪም